ጌም ውስጥ የገባው በገና

እናቶቼ፣ እኅቶቼ፤ አንድ በገና ሠሪ ሰው ነበረ። እንጨቱን የሚጠርብ፣ ቆዳውን የሚወጥር፣ ጅማቱን የሚያከር እሱ ራሱ ነው። በገና ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ለጸሎት እንጂ ለጭፈራ አይደረደርም።

አንድ ቀን የጌም ማጫወቻ የሚሠሩ ሰዎች ቤቱ መጡ። በማጫወቻው ሆድ ውስጥ ድምፅ የምታወጣ፣ ጥፍር የምታክል ዕቃ አለች። የበገናውን ድምፅ እሷ ላይ ሊጭኑ ፈለጉ።

«ለዘፈን ነው?» አላቸው።

«ኧረ በፍጹም፣ አባቴ!»

«እስቲ ማሉልኝ።»

ማሉለት። ዘፈን የለበትም፤ እውነታቸውን ነው። አውታሮቹን አንድ በአንድ መታላቸው፤ ቀዱና ሄዱ። «ታዲያ ለምኑ ነው?» ብሎ ጠየቀ? አልጠየቀም። አንዱን በር ዘግቶ፣ ሌላውን ሳያይ ተኛ።

ዓመታት አለፉ፤ ዐቢይ ጾም ገባ። የሰውየው ዐይን እየደከመ ነው። በገናውን የሚረከብ ሌላ ሰው የለውም፤ ያለችው ሌላ ቤት ያደገች የልጅ ልጁ ትርሲት ብቻ ናት። «ነይ እናቴ፣ ዛሬ እንጀምራለን» ብሎ አጠገቡ አስቀመጣት። ወፍራሙን አውታር ነካው።

ልጅቷ በሣቅ ፍርስ አለች። «አባባ፣ ሞትክ!»

«ምን አልሽ?»

«እነ ቢኒያም ቤት ጌሙ ላይ ሰውዬው ሲሞት እንዲህ ነው የሚለው! ተበላህ! በቃ፣ እንደገና ጀምር!»

እንደገና ጀመረ። ስለ ንስሐ አዜመ። እሷ መሬት ላይ ተዘርራ፣ ምላሷን አውጥታ ሞተች። ተቆጣ፤ ሣቀች። ለመናት፤ ሣቀች። ምን ጥፋት አለባት? መጀመሪያ የሰማችው እዚያ ነው! በገናውን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እስኪሞት አላወረደውም። ከሞተ በኋላም የሚያወርደው አልተገኘም።

እናንተስ? «ልጄ ጭፈራ ቤት አይሂድብኝ እንጂ» ትላላችሁ። እሺ፣ አይሂድ። የእግዚአብሔርን ስም ግን መጀመሪያ የሰማው መቼ ነው? ስትጸልዩ ነው? ወይስ ብርጭቆ ሲሰብር «እግዜር ይድፋህ!» ስትሉት? ወተት ሲደፋ፣ ጫማው ሲጠፋ፣ ከትምህርት ቤት ሲዘገይ፤ በዚያ ስም ያላስፈራራችሁበት ቀን አለ?

«ሲያድግ ይገባዋል» አትበሉኝ። ሲያድግ የገባው ስንቱ ነው? ደግሞ እኛ ያን ጊዜ እንኖራለን ያለው ማነው? አንድ ደግ ሰው መጥቶ «እግዚአብሔር ይወድሃል» ሲለው፣ ልጃችሁ ዱላ የመጣበት መስሎት ፊቱን በክንዱ ይከልላል።