ሎኮን ወተት አማራት

ጠጋ በሉ፤ ይህ ተረት ራሱ ትንሽ ነው፣ ጅራቱ ግን እየሄደ ይረዝማል። በቦረና ቆላ ዋርዮ የሚባል ከብት አርቢ ሽማግሌ ነበር። በዚያ የድርቅ ዓመት ሚስቱ ሎኮ ታማ ተኛች፤ እህል አልወርድ አላት።

«ወተት አማረኝ» አለችው። «አንድ ጉንጭ ብቻ።»

ዋርዮ ሆዱ ባባ። የወተት ዕቃውን፣ ጮጮውን፣ አንጠልጥሎ ወደ ላሙ ወደ ዳልቲ ሄደ።

«ዳልቲ፣ ወተት ስጪኝ፤ ሎኮን ወተት አማራት።»

«ሳልበላ ከየት አምጥቼ?» አለች ዳልቲ። «መጀመሪያ ሣር አምጣ።»

ዋርዮ ወደ ሜዳው ሄደ። «ሜዳ ሆይ፣ ሣር ስጠኝ፤ ዳልቲ ወተት ነሳችኝ፣ ሎኮን ወተት አማራት።»

ሜዳው በስንጥቁ ተናገረ። «ዝናብ ካላመጣህልኝ እኔም እንዳንተው ባዶ ነኝ።»

ዋርዮ ቀና አለ። «ደመና ሆይ፣ ዝናብ ስጪኝ፤ ሜዳ ሣር ነሳኝ፣ ዳልቲ ወተት ነሳችኝ፣ ሎኮን ወተት አማራት።»

ደመናዋ ቀላል ነጭ ነገር ናት፤ ትንሽ እንኳ አላፈረችም። «ዘንድሮ ባዶ እጄን ነኝ። ከተማ ውረድ፣ ነጋዴው ድርቆሽ፣ የደረቀ ሣር፣ አለው» ብላ በሞያሌ በኩል አለፈች። ምክር እንደሆነ ማንም ይሰጣል።

ዋርዮ ከተማ ገባ። «ነጋዴው፣ ድርቆሽ ስጠኝ፤ ደመና ዝናብ ነሳችኝ፣ ሜዳ ሣር ነሳኝ፣ ዳልቲ ወተት ነሳችኝ፣ ሎኮን ወተት አማራት።»

«ድርቆሹ በብር ነው፣ አባባ» አለ ነጋዴው። «መንግሥት ድርቅ ለጎዳቸው አርቢዎች ድጎማ ይሰጣል። ቢሮ ሄደው ይጠይቁ።»

ቢሮ ውስጥ አንዲት ወጣት ባለሙያ ተቀምጣለች። «ልጄ፣ ድጎማ ስጪኝ፤ ነጋዴ ድርቆሽ ነሳኝ፣ ደመና ዝናብ ነሳችኝ፣ ሜዳ ሣር ነሳኝ፣ ዳልቲ ወተት ነሳችኝ፣ ሎኮን ወተት አማራት» አላት።

«አይዞዎት አባቴ» አለች ባለሙያዋ። «ስንት ከብት ሞተብዎት? ስንትስ ቀረልዎት?»

ይህ ለዋርዮ አይሆንለትም። በእሱ ሰፈር ከብት አይቆጠርም፤ የቆጠረ ሰው የቀረውንም ያጣል ይባላል።

«ልጄ፣ እኛ ከብት አንቆጥርም» አላት።

«ቁጥሩን ሳላውቅ ግን መስጠት አልችልም» አለችው። ክፉ ሆና አይደለም፣ ሥራዋ ነው። ዋርዮ ባዶ ጮጮውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ መንገዱም ረዘመበት።

«አመጣህልኝ?» አለች ሎኮ።

«ቢሮ ድጎማ ነሳኝ፣ ነጋዴ ድርቆሽ ነሳኝ፣ ደመና ዝናብ ነሳችኝ፣ ሜዳ ሣር ነሳኝ፣ ዳልቲ ወተት ነሳችኝ፣ አንቺን ወተት አማረሽ። የሁሉ መጨረሻ ደግሞ ምላሴ ቁጥር ነሳኝ» አላት፤ የሆነውንም ነገራት።

ሎኮ ባሏን በክብር ስሙ ጠራችው። «አባ ሊበን፣ መቁጠር አይቻልም እንጂ መጥራት ማን ከለከለህ? በስማቸው ጥራቸው።»

ዋርዮ ወደ ባለሙያዋ ተመለሰ፤ ቆሞም የሞቱትን ይጠራ ጀመር። «ጉራቲ፣ መንገድ መሪዋ። ዲምቱ፣ ድምፄን ከሩቅ የምታውቀው። ቡሬ፣ ወተቷ ከጮጮ የሚተርፈው። የቡሬ ጥጃ፣ ስም ሳናወጣላት የሄደችው...» ሲጠራቸው ናፈቁት። በየስሙ ዞር ይል ነበር፣ የተጠራችው የምትመጣ ይመስል። ባለሙያዋ ጣቶቿን ታጥፋለች፤ ጣቶቿ አለቁባትና እንደገና ከአውራ ጣቷ ጀመረች።

«የቀሩትስ አባቴ?» አለች በመጨረሻ።

«ዳልቲ» አለ።

ባለሙያዋ የሚቀጥለውን ስም ጠበቀች። አልመጣም። አንዲት ጣት አጥፋ ቀረች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

ከዚያማ ባለሙያዋ ድጎማ ሰጠች፣ ድጎማው ለነጋዴ፤ ነጋዴ ድርቆሽ ሰጠ፣ ድርቆሹ ለዳልቲ፤ ዳልቲ ከርሞ ከርሞ ወተት ሰጠች፣ ወተቱ ለሎኮ። ሜዳና ደመና እስከ ዛሬ እምቢ እንዳሉ ናቸው፤ እኔም አልታረቅኋቸው።

ሎኮ ዓይኗን ጨፍና ተጎነጨች፣ ደገመች። ከዚያ ጮጮውን ወደ ባሏ ዘረጋችለት።

«የቀረው ያንተ ነው» አለችው።

«እኔ መቼ አማረኝ አልኩ?»

«አላልክም» አለች ሎኮ። «ጠጣ።»

ዋርዮም ጠጣ።