ሹሙና ሁለቱ ወይፈን ገሪዎች

አንድ የመንደር ሹም ነበረ። በመንደሩ የከብት በሽታ ገባና የሚያርሱትን በሬዎች በሙሉ ጨረሰ። የተረፉት ቀንበር ነክቷቸው የማያውቅ ወይፈኖች ብቻ ነበሩ።

ይህን ምሳሌ የጀመሩት ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ናቸው። የምትሰማቸው እማዋይሽ የምትባል የወላጆች ኮሚቴ አባል ነበረች። ለመንግሥት ትምህርት ቤቱ ልጆች ማጠናከሪያ የሚሰጡ ሁለት አስጠኚ ድርጅቶች ከውጭ መጥተው ነበር። እሷ ደግሞ ሥራቸውን ተከታትላ የትኛው እንደሚቀጥል እንድትናገር ተመርጣለች። «ጋሼ፣ እኔ አስተማሪ አይደለሁም። ጥሩውን አስጠኚ ከመጥፎው በምን እለየዋለሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ግን ስለ ሹሙ ማውራታቸውን ቀጠሉ።

ወይፈን የሚገራው ከሠለጠነ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው። ትልቁ በሬ ይመራል፣ ወይፈኑ ከጎኑ እየሄደ ይማራል። በዚያ መንደር ግን የሚመራ በሬ አልቀረም። ስለዚህ ሹሙ ከሌላ አገር ሁለት ወይፈን ገሪዎችን አስመጣ። ሁለቱም የሠለጠነ በሬያቸውን እየነዱ መጡ። ሹሙ ግማሾቹን ወይፈኖች ለሁለቱ አከፋፈላቸውና፣ «ከአንድ ወር በኋላ ሕዝቡ ባለበት አያችኋለሁ። ቀጥ ያለ ትልም ያሳየኝ ይቀራል፤ የቀሩትንም ወይፈኖች እሱ ይገራል» አላቸው።

በመንደሩ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። ያላት አንድ ወይፈን ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ትለዋለች። ጎረቤቷም ያለው አንድ ወይፈን ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን አቀናጅተው መሬታቸውን በየተራ ሊያርሱ ተስማሙ። እርፍ የሚጨብጠው ጎረቤቷ ነው። ሴትዮዋ ባለፈው ዓመት የሚያርስላት አጥታ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ነበር። ግማሹ ምርት ሄደና የቀራት እህል መጋቢት ሳይደርስ አለቀ። ሁለት ልጆቿን እህቷ ቤት ላከቻቸው። ዘንድሮ መሬቷን ራሷ ካሳረሰች ልጆቿ ይመለሳሉ። ክረምቱ ከቀደማት ግን እዚያው ይቀራሉ። ቦራንም የጎረቤቷንም ወይፈን የወሰደው የመጀመሪያው ገሪ ነበር።

ወሩ አለቀ። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ገሪ ቦራን ዳልቻ ከሚባለው ትልቅ በሬው ጋር ጠመደና እርፉን ራሱ ጨበጠ። ትልሙ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሴትዮዋም አለቀሰች፣ ከደስታ የተነሳ። ቀጥሎ የጎረቤቷን ወይፈን ከዳልቻ ጋር ጠመደ። ያም እንደ ፊተኛው ቀጥ አለ።

ሁለተኛው ገሪ ትልቁን በሬውን ዛፍ ሥር አስሮ ተወው። ሁለት ወይፈኖችን እርስ በርስ ጠመደ፣ እርፉን ለባለቤቱ ሰጠና ሄዶ በሬው አጠገብ ተቀመጠ። ወይፈኖቹ መጀመሪያ ቆሙ። ባለቤቱ ጮኸባቸው። ሄዱ፣ ደግሞ ቆሙ፣ ወደ ግራ ሸሹ፣ እንደገና ሄዱ።

«ይሄ ትልም ነው ወይስ እባብ ያለፈበት?» አለ አንዱ።

«ሰውየው እኮ ደክሞት ተቀምጧል፤ ምን አድርግ ትሉታላችሁ!» አለ ሌላው። ሕዝቡ ሳቀ።

ሹሙም ፈገግ አለና ሁለተኛውን ገሪ አሰናበተው። ገሪው በሬውን ፈትቶ ከመሄዱ በፊት፣ «ጌታዬ፣ ነገ እነዚህ ሰዎች ሲያርሱ እኔ አልኖርም። ለዚያ ነው የተቀመጥኩት» አለ። ሹሙ ግን የሰነፍ ምክንያት መሰለው። የቀሩት ወይፈኖች ለመጀመሪያው ገሪ ተሰጡ።

በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ ሹሙ ደጅ መጣች።

«ጌታዬ፣ ቦራን አንድ ነገር ነክቶብኛል። አንድ ትልም እንኳ አልጨረሰም።»

ጎረቤቷ ከኋላዋ ነበር። «የእኔማ ደህና ነው፤ የእሷ ነው የሚያስቆመው» አለ።

«አፈር ብላ! ያንተው አይደል መሬት ላይ የተኛው?»

«የእኔ የተኛው ያንቺን ሲጠብቅ ሰልችቶት ነው።»

ሹሙ ሁለቱንም ዝም አሰኝቶ አብሯቸው ወደ ማሳው ወረደ። ወይፈኖቹ ተጠመዱ። ጎረቤትየው ጅራፉን አጮኸ። ቦራ አንገቱን አዙሮ የጎረቤትየውን ወይፈን አየ፤ የጎረቤትየው ወይፈን ቦራን አየ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። እንደገና ጅራፉ ጮኸ፤ እንደገና ተያዩ። ሹሙ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ተመለከታቸው። ከዚያ ገሪውን በሬውን ይዞ እንዲመጣ አስጠራው።

ገሪው ሳያመነታ መጣ። ቦራን ከዳልቻ ጋር ጠመደና አንድ ትልም ቀጥ አድርጎ አወጣ። «ያው! ወይፈኑ ምንም የለበትም። ሰዎቹ ናቸው ማረስ የማይችሉት» አለ። የሚናገረው ከልቡ ነበር።

ሹሙ ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ ማሳው ገባ፣ ዳልቻን በገዛ እጁ ከቀንበሩ ፈታና ወደ ዳር አወጣው። በቦታው የጎረቤትየውን ወይፈን ጠመደ። «በል አሁን ንዳቸው» አለ።

ገሪው ነዳ። ጮኸ፣ ለመነ፣ መታም። ቦራ አንገቱን አዙሮ ዳር ላይ ሣር የሚግጠውን ዳልቻን ይፈልግ ነበር።

ገሪው ጅራፉን ጣለና ተቆጣ። «ጌታዬ፣ ቀጥ ያለ ትልም አሳየኝ አሉኝ፤ አሳየሁ። ያለ ዳልቻ ይሂዱ ብለውኝ ያውቃሉ? ብለውኝ ቢሆን ያንን እሠራ ነበር!»

ሰዎቹ ሹሙ ይቆጣል ብለው ጠበቁ። ሹሙ ግን መሬት መሬቱን እያየ፣ «እውነቱን ነው። የጠየቅሁትን ነው የሰጠኝ» አለ። ገሪውንም አላባረረውም። «ከዛሬ ጀምሮ የማየው አንተ እርፍ የጨበጥክበትን ቀን አይደለም። አንተ ከሄድክ በኋላ ያለውን ሳምንት ነው» አለው። በማግስቱ በቅሎውን ጭኖ የአንድ ቀን መንገድ ሄደና ሁለተኛውን ገሪ ይቅርታ ጠይቆ መለሰው።

ሁለቱም ገሪዎች መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው ዳልቻን ጠዋት ይጠምደዋል፣ ከቀትር በኋላ ይፈታዋል። ቦራ ያለ ዳልቻ መሄድ የለመደው በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነው። ነገር ግን ዝናቡ አልጠበቀም። ሴትዮዋ ከመሬቷ ግማሹን አሳረሰች። ትልሙ ጠማማ ነበር፤ ጤፉ ግን በቀለ። ያልታረሰው ግማሽ ዘንድሮም ለእኩል አራሽ ተሰጠ። በዚያ ዓመት ከልጆቿ አንዱ ተመለሰ። ሌላዋ ልጅ አክስቷ ዘንድ ቀረች።

መምህሩ ምሳሌውን እዚህ ላይ አበቁ።

«ምነው ጋሼ፣ ሁለቱንም ቢመልሷቸው ምን ነበረበት?» አለች እማዋይሽ።

«እኔማ ብመልሳቸው ደስ ይለኝ ነበር። የባከነውን ወር ማን ይመልሰዋል?» አሉና ወደ እሷ ዞሩ።

«እንግዲህ እማዋይሽ፣ ሹሙ አንቺ ነሽ። ልጆቹን ወይፈን ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። ዳልቻ ማለት አስጠኚው ነው፤ ከልጁ ጎን ተቀምጦ የጥያቄውን ግማሽ ራሱ የሚመልሰው። እሱ አጠገቡ ሲሆን ልጁ ያነባል፣ ያካፍላል፣ ያባዛል። ደብተሩም ንጹሕ ነው። እጅሽ ላይ ያለው የመከታተያ ቅጽ ምን ይላል? ስንት ሰዓት አስጠኑ፣ ስንት ልጅ ተገኘ፣ ደብተሩ ተሞልቷል ወይ። ይህ ሁሉ ትልሙ ነው፤ ማን እንደ ጎተተው አይነግርሽም።

«ድርጅቶቹ ሥራቸውን ሊያሳዩሽ የጋበዙሽ ቀን ሂጂ፤ አጨብጭቢላቸው፣ ምንም አይደለም። ውሳኔሽን ግን በዚያ ቀን አትወስኚ። ሳምንት ቆይተሽ፣ አስጠኚዎቹ የማይመጡበትን ቀን መርጠሽ፣ ከክፍሉ መምህር ጋር ግቢ። አንዷን ልጅ አስቀምጪና አይታው የማታውቀውን ገጽ ስጫት። መጀመሪያ ዝም ትላለች። ዙሪያዋን ታያለች፣ አስጠኚውን ትፈልጋለች። አንቺ ያኔ እንዳትረጃት። የመጀመሪያውን ፊደል እንኳ እንዳትይላት። አፍራም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ልጅ የሚያውቀውን ነገር በሰው ፊት መናገር ያፍራል። ስለዚህ ታገሺ። በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመልከቺ። ስትጀምር ብትሳሳትም የራሷ ስህተት ከሆነ አንድ ሰው አስተምሯታል ማለት ነው። ዝምታው እስከ መጨረሻው ከቀጠለና ሌላውም ልጅ፣ ሌላውም እንደዚያው ከሆነ፣ ዳልቻ ነበር የሚጎትተው።

«ደግሞ ይህን እንደምታዪ ለሁለቱም ድርጅቶች ዛሬውኑ ንገሪያቸው። የገሪው ቁጣ ተገቢ ነበር፤ ያልጠየቅሽውን ሥራ ለምን አልሠራችሁም ብለሽ ሰው መውቀስ አትችይም።»

እማዋይሽ ቅጹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ብሳሳትስ ጋሼ?» አለች ቀስ ብላ።

«ብትሳሳቺ ድርጅቱ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ ይሠራል። አንቺም ኮሚቴሽን ትለቂና ቤትሽ ትገቢያለሽ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ብቻዋን የምትቀመጠው ግን ልጅቷ ናት።»