የሐረጎ ዳገትና ሃያ ስምንቱ ጥርስ

በአንድ ወቅት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት፣ ከአንድ መታጠፊያ ላይ ባለ ትምህርት ቤት ዘቢደር የምትባል የፊዚክስ አስተማሪ ነበረች። አሁን የምነግራችሁን ነገር ለእናቷ አልነገረችም፤ ለንስሐ አባቷም አልነገረችም። ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖረች።

በዚያ አገር ብስክሌተኞች ዘንድ በኋላው ጎማ ላይ ትልቅ ማርሽ ማሰር ነውር ነበር። «ሰሃን» ይሉታል። ሰሃን የሚያስረው ጭነት የሚያመላልስ ወይም ጉልበቱ የከዳው ሽማግሌ ነው፤ ጎበዝ ዳገቱን በትንሽ ማርሽ፣ በጡንቻው ይወጣዋል ይባላል። እንዲህ እያሉ የኮምቦልቻ ልጆች በየዓመቱ ውድድር ሐረጎ ላይ ይሸነፋሉ። ከእነሱ አንዱ ሙሄ ነበር። በፋብሪካ ፈረቃ የሚሠራ፣ በክለብ ብስክሌት የሚወዳደር፣ የራሱ የሌለው ልጅ። በዚያ ዓመት ለአሸናፊው አዲስ የውድድር ብስክሌት ተዘጋጀ።

ዘቢደር ከመምህራን ክፍል መስኮት ሆና፣ የእጅ ሰዓቷን ይዛ፣ ሙሄ ሲለማመድ ፔዳሉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቆጠረች። አርባ ስምንት። የኋላው ትልቁ ማርሽ ሃያ አንድ ጥርስ ብቻ ስለነበረው፣ እግሩ ዳገቱን የሚገፋው ድንጋይ እንደሚገፋ ሰው ነበር። አሰላችው። በሃያ ስምንት ጥርስ፣ በዚያው ፍጥነት፣ እግሩ ስልሳ አራት ጊዜ በቀላሉ ይዞራል። ስሌት ግን ስሌት ብቻ ነው። አንድ እሑድ ማለዳ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ቤተ ክርስቲያን ሲስም፣ ሰሃን የታሰረበትን የእሱን ብስክሌት ወሰደች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ሰው እንዳያያት እየፈራች ከብስክሌቱ ሳትወርድ ዳገቱን ወጣችው። ከዚያ ቁጥሮቹን በግማሽ ወረቀት ጽፋ፣ ስሟን ሳትጽፍ፣ በብስክሌት ጠጋኙ በጋሼ እንድሪስ ሱቅ በር ሥር አሾለከችው።

ጋሼ እንድሪስ ወረቀቱን ሦስቴ አነበቡት። በሱቃቸው የነበረው ባለ ሃያ ስምንት ጥርስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከራሳቸው ብስክሌት ላይ ነው። ነቀሉት። ለሙሄ ቢነግሩት እምቢ እንደሚል ስለሚያውቁ፣ ለውድድሩ ሊያስፈትሽ ሲያመጣው ካቴናውን አስረዝመው አሰሩለትና ዝም አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸው በእግራቸው ሄዱ።

በውድድሩ ቀን ሙሄ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው። ማርሹን ወደ መጨረሻው ሲገፋው እግሩ በድንገት ቀለለው። ዳር የቆመው ሕዝብ አየ፤ ሳቀ።

«ሙሄ፣ ሰሃኑን ይዘሃል፣ ወጡስ?»

ወደ ትንሹ ማርሽ ቢመልሰው ሳቁ ይቆም ነበር። አልመለሰውም። አንገቱን ደፍቶ፣ እየተሳቀበት፣ እግሩን እንደ ልብስ ስፌት መኪና እያዞረ አንደኛ ወጣ።

«ጋሼ፣ ብስክሌቴን ማን ነካው?» አላቸው በማግስቱ።

«እኔ።»

«ከየት አመጡት ይሄን ሐሳብ? እርስዎ ራስዎ «ሰሃን ለጎበዝ ነውር ነው» ሲሉ አልነበር?»

ወረቀቱን አሳዩት። ሙሄ አነበበና የተሸለማትን ብስክሌት ከሱቁ ጣሪያ ላይ ሰቀላት። «ወላሂ፣ ይህን የጻፈው ሰው ሳይመጣ አልቀመጥባትም።»

ዘቢደር ሰማች። ብትናገር፣ «መምህሯ ነጠላዋን አስራ በብስክሌት ዳገት ወጣች» ሊባል ነው። አፈረች። አንድ ዓመት ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ ሦስት። ክለቡ «አንተ የራስህ አለህ» ብሎ ሙሄ ይወዳደርበት የነበረውን ብስክሌት ለሌላ ልጅ ሰጠው፤ ሙሄ ከውድድር ወጣ። ጋሼ እንድሪስ በእግራቸው ናቸው። ዘቢደርም በየጠዋቱ በሱቁ ደጅ አልፋ ዳገቱን በእግሯ ስትወጣ፣ በላስቲክ የተሸፈነችውን ብስክሌት ቀና ብላ ታያለች።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ እንድሪስ ለጎረቤታቸው ሲናገሩ ሰማች። «ወረቀቱን የጻፈው ሰው እስከ ነገ ካልመጣ ብስክሌቷን ለክለቡ አስረክባታለሁ። ብረት ተሰቅሎ አይኖርም።»

በማግስቱ ጠዋት ዘቢደር ሱቁ ደረሰች። ሙሄ ብስክሌቷን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያያት መጥቶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «አርባ ስምንት የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ዳገቱንም ወጥቼዋለሁ።»

«ቲቸር?» አለ ሙሄ። «በሰሃን?»

«በሰሃን።»

ሙሄ ሳቀ፤ ከሦስት ዓመት በፊት እንደተሳቀበት ግን አልነበረም። ጋሼ እንድሪስ በርጩማ አመጡ። «በይ ውሰጃት፣ ልጄ፤ ያሸነፈው ያንቺ ስሌት ነው።»

«ሦስት ዓመት ያሰቀልኳት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ሙሄን ከውድድር ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ለእኔስ በምን ትገባኛለች?» አለ ሙሄ። «ሰሃኑን ማን አሰረልኝ?»

«ያለ ፈቃድህ አይደል ያሰርኩት?» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

ዘቢደር በርጩማው ላይ ወጥታ ብስክሌቷን ራሷ አወረደቻት፤ ላስቲኩን ገፈፈች፤ ከሦስቱ መሐል አቆመቻት። ጎማዋ ቢተነፍስም ካቴናዋ አልዛገም።

እንግዲህ እናንተ ሰምታችኋል። አንዷ አስልታ ዳገቱን ቀመሰች፣ ግን ዝም አለች። አንዱ የራሱን ብስክሌት አፈረሰ፣ ግን ሳያስፈቅድ። አንዱ ሳቁን ችሎ አሸነፈ፣ ግን ባላሰረው ማርሽ። ያቺ ብስክሌት ለማን ትገባለች?