አልለቅም ያለው ቀለም

ጠጋ ጠጋ በሉ! ተረቴ የውሃ ዳር ተረት ናት፤ ከራቃችሁ ማዕበሉ ይውጥባችኋል። ጠጋችሁ? ጎሽ።

በጣና ዳር፣ በጎርጎራ በኩል፣ እትዬ ጥሩዓለም የሚባሉ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ታላቅ እህታቸው እትዬ ይጋርዱ ከደቅ ደሴት ስልክ ደወሉ። «ጥሩዬ፣ ዓይኔ እየደከመ ነው። ድምፅሽንማ በስልኩም እሰማዋለሁ። ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ፊትሽን ልየው» አሉ። እትዬ ጥሩዓለም ስልኩን ዘግተው ነጠላቸውን አጣፉ። ምኞታቸው ይህችው ናት፦ ደቅ ደርሶ ለእህት ፊትን ማሳየት።

ግን በምን ይሂዱ? በታንኳ እንዳይሄዱ ወገባቸው አይችልም። የሞተር ጀልባ እንዳይሳፈሩ ጩኸቱ ልባቸውን ያርበተብተዋል። የቀረችው የባላቸው የአያ እንየው የዋንዛ ጀልባ ናት። እሷ ደግሞ ስንት ክረምት አሸዋ ላይ ተደፍታ ከርማለች። ያኔ ወደቡን የምታደምቀው እሷ ነበረች፤ አይ ጊዜ!

«ጀልባዬ፣ ደቅ አድርሺኝ» አሏት።

«አልሄድም» አለች ጀልባ። «ሆዴ ላይ ቀለም በቀለም ተደራርቦ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ተቀርፎ! በዚህ ገላዬ ውሃ ፊት ልቅረብ? መጀመሪያ እሱ ይልቀቀኝ።» ጀልባም እንደ ሰው ታፍራለች።

እትዬ ጥሩዓለም ጎንበስ ብለው ቀለሙን፣ «ቀለም፣ ጀልባን ልቀቃት። ጀልባ አልሄድም አለች፤ እህቴ ፊቴን ልታይ ትጠብቃለች» አሉት።

«አልለቅም» አለ ቀለም። «በልመና የሚለቅ ቀለም የት አይተሻል? መፋቂያ ይምጣና እንተያያለን።»

ሄዱ ወደ መፋቂያው ብረት፣ ከጣራው ሥር ተሰክቶ ወደሚያንቀላፋው። «መፋቂያ፣ ቀለምን ፋቅ። ቀለም አልለቅም አለ፣ ጀልባ አልሄድም አለች፤ እህቴ ፊቴን ልታይ ትጠብቃለች።»

«አልፍቅም» አለ መፋቂያ እያዛጋ። «ዶልዱሜአለሁ። ድሮ ፂም እላጭ ነበር ብልሽ ታምኛለሽ? ዛሬ ቂቤም አልቆርጥ። ሞረድ ይሳለኝ።»

«ሞረድ፣ መፋቂያን ሳል። መፋቂያ አልፍቅም አለ፣ ቀለም አልለቅም አለ፣ ጀልባ አልሄድም አለች፤ እህቴ ፊቴን ልታይ ትጠብቃለች።»

«አልስልም» አለ ሞረድ። «የሚይዘኝ እጅ ሳይኖር በምኔ ልሳል? እጅ ያላቸው አያ እንየው ናቸው።»

አያ እንየው ጋቢያቸውን ተከናንበው ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የማይሰሙ መስለው ሁሉንም ሰምተዋል።

«አያ እንየው፣ ይነሱና ሞረድን ይያዙ። ሞረድ አልስልም አለ፣ መፋቂያ አልፍቅም አለ፣ ቀለም አልለቅም አለ፣ ጀልባ አልሄድም አለች፤ እህቴ ፊቴን ልታይ ትጠብቃለች።»

«አልነሳም» አሉ አያ እንየው። ጀልባዋን በጣታቸው አሳዩ። «ቀዩን የቀባሁት ልጃችን ልሳነወርቅ የተወለደ ለታ ነው። አረንጓዴውን ጎተራው የሞላ ዓመት። ቢጫውን አትጠገብን የዳርን ሰሞን። ልጆቹ ከተማ ገቡ፣ ጎተራው ፈረሰ፤ የቀረኝ ይኸው ቀለም ነው። እሱን በእጄ ልፋቅ? ሐይቁ ራሱ መጥቶ ካላስነሳኝ አልነሳም!»

ስለዚህ ነበር ለካ! ሌላው ሰው አሮጌውን ፍቆ አዲሱን ሲቀባ፣ እሳቸው ደስታ በመጣ ቁጥር በላዩ ላይ የሚደርቡት። እትዬ ጥሩዓለም አልተቆጡም። ግን እህትስ?

«ሐይቅ፣ አያ እንየውን አስነሳ። አያ እንየው አልነሳም አሉ፣ ሞረድ አልስልም አለ፣ መፋቂያ አልፍቅም አለ፣ ቀለም አልለቅም አለ፣ ጀልባ አልሄድም አለች፤ እህቴ ፊቴን ልታይ ትጠብቃለች።»

«አልናወጥም» አለ ሐይቅ፣ እንደተኛ። «ጀርባዬን እያሻሸች የምትሄድ ጀልባ ነበረችኝ፤ አውጥታችሁ ደፋችኋት። አኩርፌአለሁ። ነፋስ ካልቀሰቀሰኝ ንቅንቅ የለም።»

«ነፋስ፣ ሐይቅን ቀስቅስ። ሐይቅ አልናወጥም አለ፣ አያ እንየው አልነሳም አሉ፣ ሞረድ አልስልም አለ፣ መፋቂያ አልፍቅም አለ፣ ቀለም አልለቅም አለ፣ ጀልባ አልሄድም አለች፤ እህቴ ፊቴን ልታይ ትጠብቃለች!» በአንድ ትንፋሽ! እስቲ እናንተ ሞክሩት።

«አልነፍስም» አለ ነፋስ ከዛፉ ላይ። «ድሮ አንቺና እህትሽ ማዶ ለማዶ ስትጣሩ ድምፃችሁን የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። እንዴት ያለ ድምፅ ነበር! ዛሬ ሁሉም በስልክ ሆነና ሥራ ፈታሁ። ማን ጠራኝ? ማንስ ላከኝ? ያን ጥሪ አንድ ጊዜ ካሸከምሽኝ ግን እነፍሳለሁ።»

እትዬ ጥሩዓለም ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ገቡ። አፋቸውን በእጃቸው ከለል አደረጉ።

«እታለ...ም!»

የመጀመሪያው ጥሪ ተሰነጠቀባቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ደገሙት።

«እታለ...ም! መጣሁልሽ!»

የሁለተኛው ድምፅ የልጃገረድ ድምፅ ነበር። ከየት እንደመጣ እሳቸውም አላወቁ። ነፋስ ከዛፉ ዘሎ ወረደ፤ ድምፁን ተሸከመና በረረ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ነፋስ ሐይቅን ቀሰቀሰ፣ ሐይቅ አያ እንየውን ከነጋቢያቸው አራሰ፣ አያ እንየው «እሺ፣ እሺ!» እያሉ ተነሥተው ሞረድን ያዙ፣ ሞረድ መፋቂያን ሳለ፣ መፋቂያ ቀለምን ፋቀ። ቢጫው ለቀቀ። አረንጓዴው ለቀቀ። ቀዩ ላይ ሲደርሱ የአያ እንየው እጅ ቆመ፤ እንባቸው ወረደ።

«አያ እንየው፣» አሉ እትዬ ጥሩዓለም፣ «ልጆቹ እኮ አልተፋቁም። ቀለሙ ብቻ ነው።»

አያ እንየው እንባቸውን በእርጥቡ ጋቢ ጠርገው ሳቁ። ቀዩም ለቀቀ። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፣ ስንጥቁን ደፈኑት፣ የኑግ ዘይት ደጋግመው አጠጡት። ዋንዛው ወዙ ተመልሶ ቡናማ ሆኖ አበራ። ሌላ ቀለም አልቀቡትም። ጀልባም ገላዋን አየችና ሳትለመን ውሃ ገባች፤ ሁለቱን አሳፍራ ወደ ደቅ አቀናች።

በደቅ ዳር እትዬ ይጋርዱ ዓይናቸውን ጨፈን ጨፈን እያደረጉ ቆመው ነበር። የሰዎቹን መልክ ከሩቅ አልለዩም።

«ይህችን እንጨት አውቃታለሁ» አሉ። «ጥሩዬን ሙሽራ አድርጋ ከእኔ የወሰደች ለታ ገና ቀለም አልነካትም ነበር። ከዓይኔ እስክትጠፋ ድረስ ቆሜ አይቻታለሁ።»

እትዬ ጥሩዓለም ከጀልባዋ ወርደው ሮጡ። እህታቸው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ብርሃኑ አዞሩት። አገላብጠው፣ አስጠግተው፣ ደግመው አዩት።

«ውይ ጥሩዬ! አርጅተሻል እኮ!»

«አንቺስ እታለም?»

ሳቁ፤ ሲስቁ አለቀሱ። ነፋስ ሳቁን ተሸክሞ ጎርጎራ አደረሰው። የሰማ ለልጁ ይንገር፤ ያልሰማ ደግሞ በሚቀጥለው ጠጋ ብሎ ይቀመጥ።