ሽማግሌ ይዛ ወጥታ ብቻዋን የወረደች መኪና

በደሴ ዳገታማ ሰፈሮች አንዱን ነገር ሳያበጅ እፎይ ብሎ የተዝናና ሰው ሲታይ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ፈገግ ይሉና አንድ አባባል ጣል ያደርጋሉ። ልጆቹም ሰምተው ይደግሙታል፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ከበቅሎ ዘመን የተረፈ ይመስለዋል። በቅሎ የለችበትም። ነገሩን ያመጡት አንዲት ነጭ አውቶማቲክ መኪና፣ አንዲት ጎኗን ያሳከካት አህያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋሽ ይመር ናቸው።

ጋሽ ይመር የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። የዚያች መኪና የእጅ ፍሬን ገና በጠዋቱ ሞቶ ነበር፤ እሳቸውም ቀብረውት ረስተውታል። ዳገት ላይ ሲያቆሙ ሞተሩን ያጠፋሉ፣ አንደኛ ማርሽ ያስገባሉ፣ ከጎማው ሥር አንድ ደህና ድንጋይ ታኮ ያደርጋሉ፤ በቃ። መኪናዋ ተመልሰው እስኪመጡ ንቅንቅ አትልም። ስለዚህ በመኪና ነገር ማንም ምንም እንዲነግራቸው አይፈልጉም ነበር።

ልጅ የላቸውም። የሟች ወንድማቸውን ልጅ አንዳርጌን ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አንዳርጌ አድጎ፣ ተምሮ፣ መድኃኒት ቤት ከፈተ፤ መኪናም ገዛ። ከዚያ ደሴ ላይ የምታስተምር ትርንጎ የምትባል ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። ችግሩ አባቷ ነበሩ።

አባቷ ሃምሳ አለቃ አበጋዝ ሃያ ስድስት ዓመት በትራፊክ ፖሊስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። መጀመሪያ ሽማግሌ ሲላክ «ላስብበት» አሉ። ሁለተኛ ሲላክ «መኪና የያዘ ጎረምሳ አላምንም፤ ያየሁትን አይቻለሁ» ብለው መለሱ። በአገሩ ልማድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ነው የሚመላለሰው። በሦስተኛውም እምቢ ከተባለ ነገሩ ያበቃል፤ አራተኛ ደጅ መጥናት የለም። ለሦስተኛው ጊዜ ታዲያ ጋሽ ይመር «አሁንስ ራሴ እሄዳለሁ!» ብለው ተነሡ።

አብረዋቸው የሚሄዱት መሪጌታ ልሳኑና ሐጂ አደም ናቸው፤ ወሎ ላይ ለልጅ ሽምግልና መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አንድ መኪና ይሳፈራሉ። ልጁ ራሱ ከሽማግሌ ጋር ስለማይሄድ ቁልፉን ለአጎቱ ሰጣቸው፤ ሲሰጣቸውም ልቡ አላረፈም።

«ጋሼ፣ ይህቺ እንደ ጭነት መኪናው አይደለችም። ሲያቆሙ ፍሬኑን እንደረገጡ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። ከዚያ ማርሹን ፒ ላይ፣ መቆሚያዋ ላይ፣ ያድርጉት። ሞተሩን የሚያጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። አፍንጫዋ ወደ ዳገቱ ከሆነ ደግሞ የፊት ጎማውን ከጠርዙ ወደ ውጭ...»

«አንተ ልጅ! መኪና ማቆም ልታስተምረኝ ነው? እናትህ አንተን ሳታረግዝ እኔ ጣርማ በር ዳገት ላይ ጭነቴን አቁሜ ምሳዬን በልቻለሁ።»

«እሱስ ልክ ነው ጋሼ። ግን ፒ ላይ ካላደረጉት ቁልፉም አይወጣልዎትም።»

«ያስገባው እጅ ያወጣዋል» አሉና በሩን ዘጉ።

ቀጠሮው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ሐጂ አደም ጥምጥማቸውን ሦስት ጊዜ ፈትተው ሦስት ጊዜ ስለጠመጠሙ፣ ደሴ ሲደርሱ ለአራት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። የሃምሳ አለቃው ቤት ያለው ቀጥ ያለ የኮብልስቶን ዳገት ላይ ነው፤ እግረኛ እንኳ መሃሉ ላይ ቆም ብሎ ይተነፍሳል። ጋሽ ይመር መኪናዋን ከበሩ ትንሽ አሳልፈው፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገው አቆሟት። ማርሹን ጎትተው ከፊደሎቹ ሁሉ ታች ያለችው «ኤል» ላይ አሳረፉት።

«ይኸው፣ አንደኛ ማርሽ። ፊደል ስለጻፉበት ሌላ ነገር ይሆናል?» አሉና ሞተሩን አጠፉ። የእጅ ፍሬኑን ዞር ብለውም አላዩት።

ቁልፉ ግን አልወጣ አለ። ወደ ግራ አዞሩት፣ ወደ ቀኝ አዞሩት፣ ተሳደቡ፣ ለመኑት።

«አቶ ይመር» አሉ መሪጌታ ልሳኑ ቀስ ብለው፣ «እምቢ ያለው አንድ ነገር ቢኖረው ነው። ልጁ ምን ብሎ ነበር?»

«ልጅ ምን ያውቃል! እዚያው ይዋል። ከትራፊክ ፖሊስ ደጅ ማን ሌባ ይመጣል?»

«እንግዲያው አንዲት ድንጋይ እንኳ ከጎማው ሥር...»

«ድንጋይ? በአማች ደጅ? ከእንዲህ ያለች መኪና ሥር ድንጋይ ወትፌ ሰው ሊስቅብን!»

ልብ በሉልኝ፤ የልጁን ትምህርት በንቀት ጣሉት፣ የሠላሳ ሁለት ዓመቱን የራሳቸውን ልማድ ደግሞ በኩራት። አውቶማቲክ ሞተሯ ከጠፋ ከፒ በቀር ማርሽ አይዛትም፤ መኪናዋን የያዛት የኋላ ጎማዋ የተደገፈባት፣ ከኮብልስቶኑ ወጣ ያለች እንቁላል የምታህል ድንጋይ ብቻ ነበረች። ይህን ግን ማንም አላየም። ሦስቱም ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ።

ሃምሳ አለቃው ሰዓታቸውን አይተው ተቀበሏቸው። አጎታቸው አባባ ጎበዜም ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። እኚህ ሽማግሌ በምርቃታቸው የታወቁ ናቸው፤ ምርቃታቸው ይደርሳል፣ ግን ይረዝማል። እሳቸው መርቀው እስኪጨርሱ የተጣደ ወጥ ያራል ይባላል።

«ኧረ ተቀመጡ» አሉ ሃምሳ አለቃው።

«እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ሦስቱም በአንድ ድምፅ፤ ወጉ እንዲያ ነውና።

መሪጌታ ከመጽሐፉ ጠቀሱ፣ ሐጂም በበኩላቸው ጠቀሱ። ሃምሳ አለቃው ግን ፊታቸው አልተፈታም። በመጨረሻ ጋሽ ይመር ያዘጋጁትን ንግግር ረስተው እንዲሁ ተናገሩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እኔ ቃል አላውቅበትም። ይህን ልጅ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ በመኪናዬ ጋቢና ውስጥ አስተኝቼ ነው ያሳደግሁት። ከእሱ ሌላ የለኝም። የእርስዎን ልጅ ካላገባ እሱ ሌላ አያገባም፤ እኔም የልጅ ልጅ ሳላይ እሞታለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ወደ ወንበሮቹ በእጃቸው አመለከቱና፣ «እንግዲህ ሦስተኛችሁ ነው» አሉ። «ተቀመጡ።»

ተቀመጡ! ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ይመር ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያ ዕለት ተመችቷቸው ተቀምጠው አያውቁም። አባባ ጎበዜም መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም ዘረጋ።

«ቤታቸውን የእንግዳ ያድርገው።»

«አሜን!»

«ማጀታቸውን የእህል ያድርገው።»

«አሜን!»

ይህ ሲሆን ውጭ ሣር የጫነች አህያ ዳገቱን ወጥታ ደክማ ቆመች። ጎኗን አሳከካት። አጠገቧ ያገኘችው የመኪናዋን አፍንጫ ነበርና ተጠግታ ፈተግ ፈተግ አደረገች፤ ከዚያ ረክታ መንገዷን ቀጠለች። ጎማውም ከዚያች ትንሽ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ወረደ።

ጋሽ ይመር ፊታቸው ወደ በሩ ነበር። መጀመሪያ አንድ የኋላ መብራት በበሩ በኩል ብቅ አለ።

«ዓይናቸውን በልጅ ያሳርፈው።»

«አሜን» አሉ ጋሽ ይመር፣ ዓይናቸው ግን መብራቱ ላይ ነው። ቀጥሎ የኋላው በር አለፈ።

«ከእንቅፋት ይሰውራቸው።»

«አ... ሜን...» ቀጥሎ መሪው አለፈ። መሪው ላይ ማንም የለም።

«ኡኡ! መኪናዋ!» ብለው ወንበሩን ገልብጠው፣ ጋቢያቸውን በሩ ላይ ጥለው ፈተለኩ።

ቁልቁለቱ ላይ ያያቸው ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራል። መኪናዋ ወደ ኋላ፣ እሳቸው ወደ ፊት፤ አንድ ጫማቸው እዚህ፣ ሌላው እዚያ። «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ ይጮኻሉ። ቲማቲም ሻጯ ቅርጫቷን አቅፋ ወደ ግንቡ ተለጠፈች፤ ሰዉም እግዜር ይስጠው ቶሎ ገለል አለ። ከቁልቁለቱ ሥር አንድ ሰው የጭቃ ቤት እያሠራ ነበርና ጭቃና ጭድ የሚቦካበት ሰፊ ጉድጓድ ነበር። መኪናዋ እዚያ ውስጥ በቂጧ ቧ ብላ ገባችና ቆመች። ማንንም ሳትነካ፣ መስተዋት ሳይሰነጠቅ። ጋሽ ይመርም እግራቸው አልቆም ብሏቸው ተከትለው ገቡ፤ ጭቃው እስከ ወገባቸው ዋጣቸው።

ሃምሳ አለቃው ከዘራቸውን ይዘው፣ ቤተሰቡና ሰፈሩ ከኋላቸው ሆኖ ወረዱ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«በምርቃት መሃል ተነሥቶ የሮጠ ሽማግሌ በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ። «መኪናዋ የማን ናት?»

«የልጁ ናት።»

«ይኸው! የፈራሁት ይኸንኑ ነበር። መንገድ ላይ ልጅ ቢኖርስ? እንዲህ ያለ መኪና ለሽማግሌ ሰጥቶ የሚልክ ጎረምሳ ነገ ልጄን ምን ላይ ሊጥልብኝ ነው? ምርቃቱም ተቋርጧል፤ ቃሌንም አንሥቻለሁ።»

ከተሰበሰበው መሃል አንዱ አዛኝ፣ «ፍሬን በጥሳ ነው፤ የሹፌሩ ጥፋት አይደለም!» አለ።

ጋሽ ይመር ይህን ሲሰሙ ልባቸው ዘለለ። ፍሬን በጥሳ ነው ቢሉ ስማቸው ይድናል፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሹፌርነታቸው በአንድ ቀን የሰፈር መሳቂያ አይሆንም። አፋቸውን ከፈቱ። ግን ፍሬኗ የተበላሸ መኪና የማን መኪና ናት? የአንዳርጌ። ወይ የእሳቸው ስም ይቀራል፣ ወይ የልጁ ትዳር። ከባድ ነበር፤ ለሹፌር ከዚህ የከፋ ሞት የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው ተናገሩት።

«ፍሬኗ ደህና ነው። ያላሰርኳት እኔ ነኝ። ልጁ ነግሮኝ ነበር፤ ሰምቼ አልሰማሁም።»

ሃምሳ አለቃው በመስኮት አጎንብሰው አዩ። ማርሹ ኤል ላይ ነው፣ የእጅ ፍሬኑ ወርዷል፣ ቁልፉ እንደተሰካ ነው።

«ልጁ ምን ብሎ ነበር የነገረዎት?»

ጋሽ ይመር ጭቃው ውስጥ እንደቆሙ፣ ፊደል እንደሚደግም ተማሪ ቆጠሩት። «ፍሬኑን እንደረገጡ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ አለኝ። ከዚያ ማርሹን ፒ ላይ ያድርጉ አለ። ሞተሩን ከዚያ በኋላ ያጥፉ አለ። ፒ ላይ ካልሆነ ቁልፉ አይወጣም አለ፤ አልወጣም።»

«ጎማውንስ?»

«ወደ ዳገት ሲቆም ከጠርዙ ወደ ውጭ ይዙር አለ። እዚህ ላይ ነው 'ልታስተምረኝ ነው ወይ' ብዬ አፉን ያስያዝኩት።»

ሃምሳ አለቃው ከዘራቸውን ተደገፉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰው የተቆጡ መስሎት ሲፈራ እሳቸው ለካ እየሳቁ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲስቁ አይቷቸው የማያውቅ ሰፈር አብሯቸው ሳቀ። ትርንጎም ከእናቷ ጀርባ ሆና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ትንፈቀፈቃለች።

«ሃያ ስድስት ዓመት ስለፈልፍ ይህን ሁሉ ሳያጎድል የነገረኝ ሹፌር አላገኘሁም» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ለአጎቱ ጉዞ እንዲህ የተጨነቀ ልጅ ልጄን አይጥልም። እርስዎም አቶ ይመር፣ መዋሸት ሲችሉ አልዋሹም። ቃሌን መልሻለሁ። ይልቅ ገመድ አምጡ!»

የሰፈሩ ሰው ገመድ አስሮ፣ «ሆ!» ብሎ ጎተተና መኪናዋን ሜዳ ላይ አወጣት። ጋሽ ይመር ገብተው ፍሬኑን ረገጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ማርሹን ፒ ላይ አደረጉ፤ ቁልፉ ሳይለመን ወጣ። ያም አልበቃቸው፤ ወርደው ትልቅ ድንጋይ ተሸክመው መጡና ጎማው ሥር ወተፉ። መሬቱ ሜዳ ነው ቢባሉም አልሰሙም።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባባ ጎበዜን እዚያው ጥግ ላይ አገኟቸው። መዳፋቸው እንደተዘረጋ ነው። ምርቃት ጀምሮ እጅ ማጠፍ አይገባም ብለው፣ ብቻቸውን ያን ሁሉ ጊዜ እንዲያው ዘርግተው ጠብቀዋል።

«ተመለሳችሁ?» አሉ። «እንቅፋት ላይ ነበርን።»

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ፤ ጋሽ ይመር ከሁሉ አስበልጠው ጮኹ። ምንጣፉ እንዳይበላሽ ላስቲክ ተነጥፎላቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበርና፣ ምርቃቱ አልቆ ሰው እጁን ፊቱ ላይ እስኪያብስ ድረስ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። አባባ ጎበዜ ከጫማ አልባው እግራቸው እስከ ጭቃው ቀበቷቸው ቀስ ብለው አዩአቸውና፣ ራሳቸውን ነቅንቀው እንዲህ አሉ፤ «የመጣበትን ሳያስር የተቀመጠ፣ ምርቃት ሳያልቅ ሮጠ።»