ቅመሺልኝ የተባለው ሰፈር

ወደ ባቲ በሚያወርደው አሮጌ መንገድ ዳር፣ ተሳቢ መኪኖች ጧት ጧት ተደርድረው የሚቆሙበት፣ ቅመሺልኝ የሚባል ሰፈር አለ። በዚህ ሰፈር ድግስ የደገሰ ሰው የሠራውን ምግብ አስቀድሞ ለወዳጁ አያስቀምስም፤ ለተጣላው ጎረቤቱ በአጥር በኩል ይልካል፤ የተላከለትም ሰው ሳያባብልና ሳያለዝብ እውነቱን የመናገር ግዴታ አለበት። ሥጋ ከሆነ ክርስቲያኑ ለክርስቲያን፣ ሙስሊሙ ለሙስሊም ይልካል፤ ሌላው ግን ሃይማኖት አይለይም፣ የሚጠየቀው ኩርፊያ ብቻ ነው። የተጣላት ጎረቤት የሌላት ሴት ልጇን ለመዳር ስትነሳ «እባክሽ ለአንድ ሳምንት እንኳ እንጣላ» ብላ የምትለምንበት ጊዜ ነበር ይባላል፤ ይህን እኔ አላየሁም፣ ሲሉ ነው የሰማሁት።

ከከተማ የሚመጡ ሰዎች የስሙን ታሪክ ሰምተው ሲሄዱ «ሁለት የተኳረፉ ሴቶች በአንድ ሲኒ ቡና ታረቁ» እያሉ ያሳምሩታል። ኤዲያ! አልታረቁም። ስንት ጊዜ ነው የሚነገረው? ሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለው አያውቁም፤ እኔም እነሱ እንደነገሩኝ እናገራለሁ፤ ማሳመር ያማረው በገዛ ሰፈሩ ያሳምር።

እንደሚነገረው፣ በዚያ መንገድ ዳር እልፍነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ሻይ ቤት ነበራት። ወደ አሰብ የሚወርዱ ሾፌሮች ሁሉ እሷ ዘንድ ቁርስ ሳይበሉ አያልፉም ነበር። ኋላ ግን በታች በኩል አዲስ አስፋልት ተዘረጋና ግራና ቀኙን ሻይ ቤት ፈላበት፤ የእልፍነሽ ወንበሮችም ባዶ ቀሩ። ቤቱን ከዘጋች መግቢያዋ ገጠር ያለው የወንድሟ ቤት ብቻ ነበር፤ የወንድሟ ሚስት ደግሞ የሰው ጉርሻ የምትቆጥር ሴት ነበረች። ስለዚህ እልፍነሽ የሾፌሮቹን አለቃ ይማምን መንገድ ላይ ጠብቃ ለመነችው። ይማም ነገር የማያድበሰብስ ሰው ነበርና «እልፌ፣ ሻይና ፍርፍር ከሆነ እታችም አለ። እታች የሌለ ነገር ካገኘሽ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ከጣማቸው መንገዳችን በአንቺ በኩል ይሆናል፤ ካልጣማቸው ግን እንዳትቀየሚኝ» አላት ይባላል።

በዚያው ሰሞን ወንድይፍራው የሚባል መርከበኛ ወደ ትውልድ ቀዬው ለእረፍት መጣ። የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። መርከባቸው ቬትናም ላይ ተበላሽታ ስትጠገን፣ ሃኖይ በምትባለው ከተማ አንዲት ቀጭን መንገድ ውስጥ፣ ከአንዲት አሮጊት የእንቁላል ቡና አሠራር ተምሯል ይላሉ፤ የእንቁላል አስኳል ከጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ጋር አረፋው እስኪቆም ይመታና በወፍራም ቡና ላይ ይደፋል። እልፍነሽ ይህን ስትሰማ እግሩ ላይ ወድቃ «አስተምረኝ ጋሼ» አለችው። እሺ አለ። የጎረቤት ሴቶችም «እኛም እጃችንን እናስገባ፣ እሷንም እናግዛት» ብለው ተሰበሰቡ። ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ማንም አላሰበም። ሁዳዴ ገብቶ ነበር።

እንቁላሉ የፍስክ፣ ወተቱ የፍስክ፣ ተማሪዎቹ ሁሉ ጿሚ! መምህሩስ? መምህሩ በባሕር ላይ ሳለ ጾም የሚባል ነገር ረስቶ ኖሮ፣ ሲመለስ የንስሐ አባቱ ያለፈውን ሁሉ ደማምረው «ዘንድሮ አንዲት ጠብታ ብትቀምስ አላውቅህም» ብለውታል። እስቲ አስቡት! መምህሩም ተማሪውም የማይቀምሱበት የወጥ ቤት ትምህርት! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ አይደለም እንዴ? ጾሙ እስኪፈታ እንጠብቅ እንዳይሉ፣ ወንድይፍራው ከስቅለት በፊት ጅቡቲ ገብቶ መርከቡ ላይ መውጣት ነበረበት።

ገና በመጀመሪያው ቀን ከቬትናም ያመጣው የሽቦ መምቻ ሻንጣው ውስጥ ተጨፍልቆ ተገኘ። «ምን ችግር አለ» ብላ እልፍነሽ ማማሰያዋን አነሳች። በማማሰያ ይመቱት ጀመር። ክንዳቸው ዛለ፣ አስኳሉ ግን አልነፋ አለ። ወንድይፍራው ከአንዷ ወደ አንዷ እየዞረ «ኧረ ገንፎ አይደለም! እያማሰላችሁ ነው፣ ምቱት ነው የምለው!» እያለ ይጮሃል። አንዷ ስትመታው የጎረቤቷ ቀሚስ ላይ ረጨችው፤ አንዷ የሚንተከተክ ቡና ደፍታበት ፍርፍር አደረገችው። ትርፌ የምትባለው ቀልደኛ «ጋሼ፣ እስካሁን ብናስታቅፈው እኮ ጫጩት ይሆን ነበር» ስትል ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። እልፍነሽም አልሳቀችም፤ የወንድሟ ሚስት ፊት ነበር የሚታያት።

ከብዙ ድካም በኋላ አስኳሉ ሲኒው ቢገለበጥ የማይፈስ አረፋ ሆነ። አሁን የሚቀምስ ሰው ተፈለገ። ጾሙ የማይመለከተው እንድሪስ ልብስ ሰፊው ተጠራ። እንድሪስ አንድ ጊዜ ፉት አለ፣ ፊቱ ትንሽ ተጨማደደ፣ እንደምንም ዋጠውና «ማሻአላህ! ግሩም ነው፣ እጅሽ ይባረክ!» አለ። ሌላ ጎረቤት ተጠራ፤ ግሩም ነው። ሌላም ተጠራ፤ ግሩም ነው። ምን ያድርጉ? አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሲኒ ይዛ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ማን ደፍሮ አይጠጣም ይበላት? ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንት ቤት አፈረሰ!

ወንድይፍራው ግን ስንቱን መርከበኛ ያበላ ሰው ነበርና «ግሩም ከሆነ ሲኒው ለምን ግማሽ ሆኖ ይመለሳል? ለምን አንድ ሰው እንኳ ድገሚኝ አይልም?» እያለ ይበግናል። አስኳል ይጨምራል፣ ወተት ይቀንሳል፣ ቡናውን ያወፍራል፤ መልሱ ያው ግሩም ነው። ሳምንት ሄዶ ሳምንት መጣ። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና ሲኒውን መሬት ላይ ፈጠፈጠው። «በዚህ ሰፈር አንድ ጨካኝ ሰው እንኳ ይጥፋ?» ብሎ ጮኸ ይባላል።

ሴቶቹ ወደ አጥሩ ተመለከቱ።

ከአጥሩ ወዲያ የምትኖረው ሙሂባ ነበረች። የሙሂባ ዶሮዎች የእልፍነሽን ጓሮ ጭረው ጤና አዳሟን ከነሥሩ ስለነቀሉት፣ እልፍነሽ በንዴት በወረወረችው ድንጋይ አንዷን ዶሮ ገድላባት ነበር። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው የእግዜር ሰላምታ እንኳ አልነበረም። «እሷን ከምለምንስ ወንድሜ ቤት ሄጄ ጉርሻዬ ይቆጠር!» አለች እልፍነሽ። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ የዳግማይ ትንሣኤ መቅረብ እንቅልፍ ነስቷታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሲኒውን ይዛ እስከ አጥሩ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሄደች።

«ሙሂባ» አለች።

«ማነው?» አለች ሙሂባ፣ ማን እንደሆነች አጥታው አይደለም።

«እኔ ነኝ። ቅመሺልኝ።»

ሙሂባ በእንጨቶቹ መሐል እጇን ሰዳ ሲኒውን ተቀበለች፣ አንድ ጊዜ ፉት አለች፣ ወዲያውም እንትፍ አለችው።

«ምንድን ነው ያጠጣሽኝ አንቺ ሴትዮ? ይሄ ሽሮ ነው! እንቁላል የገባበት ሽሮ! ነጭ ሽንኩርቱስ ለምን አስፈለገ?»

«ቂምሽ ነው የሚያናግርሽ! ሰፈሩ ሁሉ ግሩም ነው ያለውን?»

«ሰፈሩማ ይወድሻላ! እኔም ብወድሽ ኖሮ ግሩም ነው ብዬ ከአጥሬ ሥር ዘወር አደርግሽ ነበር!»

እልፍነሽ ተመልሳ ለወንድይፍራው ነገረችው። እሱ ማማሰያውን አንስቶ አሸተተ። ስንት ዓመት ሽሮና ሽንኩርት የጠጣ እንጨት! በሁዳዴ ቤቱ ሁሉ ሽሮ ሽሮ ስለሚል የማንም አፍንጫ አልለየውም ነበር። መምህሩ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ቆይቶ ተነሳና አሮጌ ጃንጥላ አፈራርሶ፣ ሽቦዎቹን አጥፎና አንድ ላይ አስሮ አዲስ መምቻ ሠራ። የሚወዱህ ያስለቅሱሃል፣ የሚጠሉህ ያስቁሃል ይላል ተረቱ። ተረቱን የተናገረው ሰው ይህን ሰፈር አላየም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሲኒ በአጥር ይሻገራል፣ ስድብ ይመለሳል። «ዛሬ ደግሞ እንቁላል እንቁላል ይላል፤ እናቲቱን ገድለሽ ልጇን ጥሬውን ታጠጪኛለሽ?» «ቡናው የት ሄደ? ከሰል ላይ ረሳሽው?» «ይሄ ሁሉ ጣፋጭ ለማን ነው፣ ለንብ ነው?» እልፍነሽ እንባዋን እየጠረገች፣ እየተራገመች፣ ተመልሳ ትመታለች። ወንድይፍራው «የሃኖይዋ አሮጊት እኮ እንዲህ አላደረገችም፣ የእሷ ጣፈጥ ይል ነበር» ብሎ ሊከራከር ሲሞክር፣ ሙሂባ ከአጥር ወዲያ «እንግዲያው ሃኖይ ሂድና ጠጣ!» ትለዋለች። ቀምሶ እንዳይፈርድ ምላሱ በጾም ታስሯል።

ከሆሳዕና ማግስት ጓዙን ሸክፎ ሄደ፤ ያን ሁሉ ሰሞን ያስተማረውን አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ። አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ «ጾም ሲፈታ እኔ ባሕር ላይ ነኝ። ተማሪዬ የሠራችው ነገር ምን ምን እንደሚል ሳላውቅ ልቀር ነው» ብሎ አማረረ ይባላል። እንደፈራውም ቀረ፤ በዚያ ሰፈር ዳግመኛ ያየው የለም።

ፋሲካ ሆነ። እልፍነሽ ዶሮ ወጡን እንኳ ሳትነካ መጀመሪያ ሲኒዋን አነሳች። ጠጣች። አልወደደችውም! መረራት። «ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ስድብ የጠጣሁት?» ብላ ጮክ ብላ አለቀሰች። ሙሂባ ለካ መራራ ነገር የምትወድ ኖራለች፤ በየቀኑ ጣፋጩን ስታስቀንስ፣ ቡናውን ስታስወፍር፣ ነገሩን ሁሉ በራሷ ምላስ ልክ ሰፍታዋለች። እልፍነሽ እጇን ወደ ወተቱ ቆርቆሮ ሰደደች። መለሰችው። የራሷ ምላስ እንዲህ ይላል፣ የጠላቷ ምላስ እንዲያ ይላል፤ የሚፈርድ መምህር የለም። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስትናጥ ከረመች ይባላል።

በቀጠሮው ቀን ይማም ሾፌሮቹን ይዞ መጣ። ትርፌ ወደ ጓዳ ገብታ «እትዬ፣ ግድ የለሽም ጣፈጥ አድርጊው» ብትላት፣ እልፍነሽ «ግሩም ነው ስትሉኝ የከረማችሁ እናንተ! ያቺ ክፉ ሴት አንድ ቀን አልዋሸችኝም» ብላ ሙሂባ ባለችው ልክ ቀዳች። ሾፌሮቹ ጠጡ። አንድም ሰው ግሩም ነው አላለም። እልፍነሽ ግድግዳውን ተደገፈች። ይማም ባዶ ሲኒውን አዘቅዝቆ አየውና «ድገሚን» አለ። መኪኖቹ ከዚያ ወዲህ መንገዳቸው በዚያው ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ሄዳ አመሰገነቻት? አላመሰገነቻትም! ሙሂባስ እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት? እሷም አላለቻትም። የዶሮዋ ነገር አልተረሳም፣ የጤና አዳሙም ነገር አልተረሳም። ሽማግሌ ቢላክ አልሆነም፣ ሼኩም ቄሱም አብረው ቢለምኗቸው አልሆነም፤ ግትር ለግትር! ዕድሜያቸውን ሙሉ ግን ጧት ሲኒ ይሻገራል፣ ስድብ ይመለሳል።

ሙሂባ በስተርጅና ሞተች። ጀናዛው ወጥቶ ሰው ለቅሶ ሲቀመጥ፣ እልፍነሽ ሲኒ ይዛ መጣች። በለቅሶ ቤት የእንቁላል ቡና! ሰው አጉረመረመ። የሙሂባ ትልቋ ልጅ ግን አክብራ ተቀበለቻት፣ ፉት አለችላት፣ እንደ ጨዋ ልጅም «ግሩም ነው፣ እትዬ» አለቻት። ይህን ጊዜ እልፍነሽ ነጠላዋን አሽቀንጥራ ጣለች። «ውሸትሽን ነው! እጄ ተንቀጥቅጦ ቡናውን አሳርሬዋለሁ! አርሯል፣ አውቃለሁ! እናትሽ ብትሆን ፊቴ ላይ ነበር የምትደፋው!» አለች። ከዚያም ጀናዛው ወደሄደበት አቅጣጫ ዞራ «ሙሂባ! ኧረ ቅመሺልኝ! እንግዲህ ማን ሊሰድበኝ ነው?» እያለች ጮኸች። ለቅሶ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ አብሯት አለቀሰ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩን በሌላ ስም የጠራው የለም ይባላል።

ዛሬ የእንጨት አጥር የለም፣ ሁሉም በብሎኬት አጥሯል። ነገር ግን በቅመሺልኝ አጥር የሚሠራ ግንበኛ አንዲት ብሎኬት ሳይገጥም ክፍት ይተዋል፤ ሲኒና ሳህን የምታሳልፍ ያህል። የእኔም አጥር እንዲህ ያለች ቀዳዳ አለው። በጣራ ውሃ ምክንያት ከጎረቤቴ ከየኔነሽ ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ ከጀመርን ከራርመናል። ልጇን ልትድር ነውና ትናንት በዚያች ቀዳዳ አንድ ሳህን የምስር ወጥ መጣልኝ። ፊቷን አላየሁም፤ እጇን ብቻ ነው ያየሁት። ቀመስኩና ጨው አንሶታል አልኳት። ወስዳ ጨምራ መለሰችልኝ፤ እንደገና ቀመስኩ፤ አሁን ደህና ነው አልኳት። ሳህኑን ተቀብላ ገባች። ማክሰኞ ዳኛው ፊት እንቆማለን።