የፓን ብሩሽና ከሲታዋ መስመር

ጠጋ በሉ፤ የሚያዛጋ ካለ ጆሮውን እቆነጥጣለሁ! ድሮ ድሮ፣ ቻይና አገር፣ ፓን የሚባል ግጥም የሚገጥም፣ ሥዕል የሚስል ሊቅ ነበረ። የፍየል ጠጉር ብሩሽም ነበረው። አጻጻፉ በሩጫ ነው፤ ብሩሹ ከወረቀቱ ብዙም ሳይነሳ፣ ፊደል ከፊደል እያያያዘ፣ ሽው! አንዴ የተጻፈ ደግሞ አይነካካም።

አንድ ቀን ጓደኛው ሩ ሊጠይቀው ሊመጣ ነውና ፓን ግጥም ጻፈለት። መጨረሻ ላይ ብሩሹ ቀለም ጨረሰ፤ አንዷ መስመር ቀጭን፣ ደረቅ ሆና ቀረች። ፓን ግን ደስ ብሎት ሻይ ሊያፈላ ወጣ።

«ወይኔ! ይቺን ከሲታ ሰው ሊያያት?» አለ ብሩሽ።

«ተዋት፤ ስትሮጥ ትንፋሽ አጥሯት ነው» አለችው እትዬ ድንጋይ፣ ቀለም የሚፈጭባት።

መቼ ሰምቶ! ቀለም ነክሮ አወፈራት። ቀለሙ ተንሰራፋ፤ መስመሯ የጠገበች አልቅት መሰለች።

ፓን መጣ፣ አየ፣ ቀደደ። እንደገና ጻፈና ወጣ። ብሩሽ እንደገና አወፈራት። አሁንማ ጉማሬ!

«ይሄ ብሩሽ አርጅቷል» አለ ፓን ተናዶ። «አንድ ወረቀት ብቻ ነው የቀረኝ። እሱም ከተበላሸ ብሩሹን እሳት ውስጥ ነው የምከተው!»

ሦስተኛውን ጻፈ። ከሲታዋ መስመር አሁንም አለች! ብሩሹን ሚስማር ላይ ሰቅሎ እንግዳውን ሊቀበል ወጣ።

«እንግዳው እሷን ካየ አለቀልኝ» አለ ብሩሽ። «ላስተካክላት!»

«አንተ ደረቅ፣ የሚያስፈጅህ እኮ ማስተካከልህ ነው!» አለችው እትዬ ድንጋይ።

አይጢት ከመደርደሪያው ሥር ብቅ አለች። «ጋሽ ብሩሽ፣ ጢምህ ላይ ቅማል አለ። ጨፍን፣ ላንሳልህ።»

ኩሩው ጨፈነ። እሷ ማንጠልጠያ ክሩን ከሚስማሩ ጋር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ቋጠረችው።

ብሩሽ ሊዘል ሲል፣ ተንጠልጥሎ ቀረ። «ፍቺኝ፣ አንቺ ጅራታም!»

«ቅማሉን እየፈለግኩ ነው፣ ጋሼ!»

ሩ ገባ። ወረቀቱን አነሳ። ከሲታዋ መስመር ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ብሩሽ እሳቱ ሸተተው።

«ፓን!» አለ ሩ እየሳቀ። «ይቺን እኔን ልትቀበል ስትጣደፍ ነው የጻፍካት። ትንፋሽህ ሁሉ ይታያል! ከሁሉም እሷን ወደድኳት።»

ፓን ደስ ብሎት ብሩሹን ሊያጥብ ሄደ። «ይሄን ደግሞ ማነው የቋጠረው?» እያለ ሲታገል፣ ሻዩ ቀዘቀዘ። ብሩሽ ግን ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ፣ ከሲታዋን ዳግም አልነካካትም።

እናንተም ከልባችሁ የሠራችሁትን፣ ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ ስትነካኩት ካየሁ አይጢትን እልክባችኋለሁ። የእኔም ተረት ደርቋል፤ ማንም እንዳይነካው!